የአባ ፊጣን ማማ ያፈረስኩ ለታ

እኔ በያጅ ነኝ። ጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከመኖሪያ ቤቴ ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ፣ እንደ ሙያዬም የማምነው በመዶሻ መትቼው ያልተላቀቀውን ነገር ብቻ ነው። ጂን አየሁ፣ ሟች በር አንኳኳብኝ የሚል ደንበኛ ወሬውን ሲጀምርልኝ ግራይንደሩን አስነስቼ ድምፁን ነው የማጠፋበት፣ ባለቤቴ ሙኒራ በዚህ ጠባዬ ስንት ጊዜ እንደተቀየመችኝ አላህ ነው የሚያውቀው። "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" ይባል የለ፣ እኔ ደግሞ ታዝዬም ቢሆን ያዘለኝን ሰው ፊቱን ካላየሁ አላምንም። እንግዲህ አሁን የሚያወራልህ ይሄ ሰው ነው፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ስትሰማኝ ትንሽ ታገሰኝ፣ እኔም እስካሁን ራሴን እየታገስኩት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአሳማ ነው።

አማቴ የሚኖሩት ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ሰርቦ ከተማን አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ጫካው በሚወጣው የኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ቡናና እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። ሙኒራ "አዮ" ትላቸዋለች፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው፣ እኔም ከተጋባን ጀምሮ አዮ ነው የምላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ "ሶዳ" ነው የሚሉኝ፣ አማች ማለታቸው ነው፣ ሲቆጡኝም ሲመርቁኝም ሶዳ ነኝ። ባለቤታቸው አባ ፊጣ ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ታመው ሞቱ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በታችኛው አጥር በኩል ዋንዛው ሥር ተቀበሩ፣ ልጆቹ ሁሉ ከተማ ስለሆንን አዮ ብቻቸውን ቀሩ። እሳቸው ብቻቸውን ሲቀሩ የጫካው አሳማ በረታ።

ያ አገር ሙስሊም ነው፣ አሳማን የሚበላው ቀርቶ የሚነካውም የለም፣ "እኛ ስለማንበላው እሱ ይበላናል" ይላሉ ሰዎቹ እየሳቁ፣ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። ሲመሽማ ስሙንም አይጠሩትም፣ "ያ ሰውዬ" ነው የሚሉት። በፊት የሚፈልገው በቆሎ ነበር፣ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ተጠጋ፣ የአዮን ጎደሬ ነቅሎ ጨረሰ፣ እንሰቱን ከሥሩ ገለበጠ፣ የእንጨት አጥሩን በአፍንጫው ፈልቅቆ መግቢያ አበጀ፣ ከምንጭ የሚመጣውን የውሃ ጎማ አኝኮ በጠሰ፣ የማድ ቤቱን የጭቃ ግድግዳ ከመሠረቱ ቆፍሮት አንዱ ጎን ዘመመ። ይህን ሁሉ በስልክ ሲነግሩን የአዮ ድምፅ አይለወጥም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ደወሉና ሙኒራ ስታነሳው ለቅሶ ብቻ ሆነ፣ "ማሎ፣ ማሎ" ይላሉ፣ ኧረ እባካችሁ እንደማለት ነው፣ ለካ ሌሊቱን አሳማዎቹ የአባ ፊጣን መቃብር እግርጌ ሲቆፍሩት አድረዋል።

"ቤቱን ይብሉት ልጄ" አሉ ድምፃቸው ሲመለስ፣ "እሱን ግን እንዴት ያነሱብኛል? ዕድሜ ልኩን ማሳውን ከነሱ ሲጠብቅ ኖሮ፣ አሁን እንኳ አይተኛም?"

የሙኒራ ወንድሞች አዲስ አበባ ሆነው ተደዋወሉና ወሰኑ፣ እናታችን ጅማ ትግባ፣ ቤቱም ይዘጋ አሉ። አዮ ደግሞ መቃብሩን ለአሳማ ትቼ የትም አልሄድም አሉ። በመሃል አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ የሽቦ አጥር እሠራላቸዋለሁ፣ ከያዘ ይቀመጣሉ፣ አሳማው ካለፈው ግን ያለ ክርክር እኛ ቤት ይገባሉ አልኩ። ሁሉም ተስማማ፣ አዮም "ኢንሻአላህ" አሉ።

ከአጥሩ በፊት ስለ ማማው ልንገርህ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባህም። በዚያ ዳገት ያለ አባወራ ሁሉ ማሳው ዳር በረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆመ መጠበቂያ ማማ አለው፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እዚያ ላይ ወጥቶ እየጮኸና ቆርቆሮ እየመታ አሳማ ያባርራል። ጥበቃው ሲጀመር ከሁሉ በላይ ጫካው አፍ ላይ ያለው ሰው ወደ ታች "ጅርታ?" ብሎ ይጮሃል፣ አለህ ወይ ማለት ነው፣ ከሥሩ ያለው "ጅራ!" ይላል፣ አለሁ ማለት ነው፣ ከዚያ እሱም ዞሮ ከበታቹ ያለውን "ጅርታ?" ይለዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉት እስከ ወንዙ ይወርዳል። ያልመለሰ ካለ ጎረቤቱ ባትሪ ይዞ ሊያየው ይሄዳል፣ ታሞ ወይ አሳማ ጎድቶት ሊሆን ይችላላ። አንድ ጊዜ "ጅራ" ብለህ ከመለስክ ግን ተራ ገባህ ማለት ነው፣ በየማታው ትጠራለህ፣ በየማታው ትመልሳለህ፣ በሰው ተራ ደግሞ ማንም አይመልስም። አማቾቼን ልጠይቅ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ይህን ጩኸት ሰምቼ መንደሩ የተጣላ መስሎኝ ጫማዬን ፍለጋ ተነስቼ ነበር፣ አባ ፊጣ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ያቺ ሳል እንኳ ልማዳቸው ነበረች፣ "ጅራ!" ካሉ በኋላ ሁልጊዜ አጠር አድርገው ያስሉ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ከላይ ያሉት ጎረቤት አባ ዝናብ የአዮን ግቢ ዘለው፣ ድምፃቸውን ረዘም አድርገው፣ በቀጥታ ከታች ያለውን ጀማልን ነበር የሚጠሩት።

ታዲያ ሽቦውን፣ ሲሚንቶውንና እኔው የበየድኩትን የብረት በር በአይሱዙ አስጭኜ ከሙኒራ ጋር ሄድን። ጀማል ሊያግዘኝ መጣ፣ ትዳር የያዘ ጎልማሳ ነው፣ ሥራ ላይ ወሬ አያበዛም፣ አዮና ሙኒራ ጎረቤት ለቅሶ ስለነበር እዚያ ሄዱ፣ እኛ ስንቆፍርና ስንወጥር ዋልን። ወደ አመሻሹ ላይ ምሰሶ አለቀብኝ፣ ያውም በታችኛው በኩል፣ መቃብሩ ባለበት፣ አሳማው በሚገባበት በዋናው ቦታ። ዞር ስል ራቅ ብሎ ማሳው ዳር የአባ ፊጣ ማማ ቆሟል፣ ምሰሶዎቹ የወይራ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ምስጥ ያልነካቸው። ጥሩ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ የማይቀላውጥ የእጅ ባለሙያ ካለ አሳየኝ።

"ጀማል፣ እነዚህን እንንቀላቸው" አልኩት።

"አይነካም።"

"ለምን?"

"የሞተ ሰው ማማ አይፈርስም ነስሩ። በስብሶ ራሱ ይወድቃል እንጂ ሰው እጁን አያነሳበትም።"

"እስኪበሰብስ ልጠብቅ? አሳማው ሰውየውን ከመቃብር እየቆፈረው?"

"ዲሲ፣ ተወው ማሎ። ነገ በጠዋት ሌላ እንጨት እናመጣለን።"

ነገማ ምን ዋጋ አለው፣ እነሱ የሚመጡት ማታ ነው። ሳቅኩበት፣ እሱ ግን አልሳቀም፣ ሶላት ልስገድ ብሎ ሄደና በዚያው ቀረ። ብቻዬን ማማውን አፍርሼ ምሰሶዎቹን ከዋንዛው ፊት ለፊት ተከልኳቸው፣ ሽቦውን ወጠርኩባቸው፣ እመነኝ፣ ከአጥሩ ሁሉ የጠነከረው ያ ጎን ነበር።

አዮ ከለቅሶው ሲመለሱ አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩት፣ "አላህ እጅህን ይባርከው ሶዳ" እያሉ መጡ መጡና ታችኛው ጎን ሲደርሱ እጃቸው ምሰሶው ላይ ቀረ። አባ ፊጣ ፋኖስ የሚሰቅሉበት ምስማር እንጨቱ ላይ ነበር፣ እኔ ስነቅለውም ስተክለውም አላየሁትም፣ እሳቸው ሳያዩ አገኙት።

"አዮ፣ አጠፋሁ እንዴ?"

"ጀማል አልነገረህም?"

"ነግሮኛል፣ እንጨት አልቆብኝ ነው።"

"ኤዬ" አሉ፣ እሺ እንደማለት፣ ምስማሩን እንደያዙ ትንሽ ቆሙና ወደ ቤት ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ በጣም አፈርኩ።

መግሪብ ሰግደን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን፣ ገና ዓይን ለዓይን እንተያያለን፣ ሙኒራ ሻይ ትቀዳለች፣ አዮ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። መጀመሪያ የሰማሁት ሽቦውን ነው፣ ቲንን ይላል፣ አንድ ሰው በጣቱ ጫፍ እየነካካው የሚሄድ ይመስል ከላይኛው ጎን ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። አዲስ የተወጠረ ሽቦ ቀን ሞቆት ማታ ሲበርደው ድምፅ ያወጣል፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ለሙኒራም ይህንኑ አስረዳኋት፣ አላዳመጠችኝም። ቀጥሎ የወንዙ እንቁራሪቶች ዝም አሉ፣ ከዚያ የጎረቤት ውሾች ዝም አሉ። አባ ዝናብ እንደ ልማዳቸው ከላይ ተጣሩ፣ "ጀማል ሆይ፣ ጅርታ?"

የጀማልን መልስ ስንጠብቅ፣ ከእኛው ግቢ፣ ከታችኛው አጥር፣ "ጅራ!" አለ።

ጎርነን ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ከኋላውም አንዲት አጭር ሳል። ሙኒራ የያዘችው ማንቆርቆሪያ ብርጭቆውን ሞልቶ ሻዩ መሬት ላይ ይፈሳል፣ እሷ አታየውም።

"አባዬ ነው" አለች።

"ጀማል ነው፣ እየቀለደ ነው" አልኳት። ወላሂ ያን ጊዜ አምኜበት ነው ያልኩት፣ ማማውን በማፍረሴ ሊያስደነግጠኝ የፈለገ መስሎኝ ደሜ ፈላ፣ ባትሪዬን አንስቼ ወረድኩ። አዮ ከኋላዬ "ሶዳ፣ ቀስ በል፣ አትጩህበት" አሉኝ፣ ማን ላይ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ወዳጄ፣ ሰው አልነበረም። ከሽቦው ማዶ የነበሩት አሳማዎቹ ናቸው፣ ትልቋ እናት ከነልጆቿ፣ ሌሎቹም ከኋላዋ፣ ተደርድረው ቆመዋል። አሳማ እንዲህ አይቆምም፣ ያንኮራፋል፣ ይቆፍራል፣ መብራት ሲያርፍበት ይፈረጥጣል፣ እነዚህ ግን ፊታቸው ላይ ባበራባቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። የሚያዩት ወደ ላይ ነው፣ ከምሰሶዎቹ አናት በላይ፣ ምንም ወደሌለበት፣ ማማው እዚያ ቢቆም ኖሮ ሰው የሚቀመጥበት ከፍታ ላይ። ትንንሾቹ እንኳ ጆሯቸውን አያንቀሳቅሱም። መብራቱን ወደዚያ ላነሳው አሰብኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላነሳሁትም።

ያኔ ከዚያው ከፍታ፣ ከራሴ በላይ፣ "ጅርታ?" አለ።

ቁጣ የለበትም፣ እስካሁን የሚከነክነኝም እሱ ነው፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው፣ ጎረቤቱ ደህና መሆኑን ብቻ ማወቅ የፈለገ ሰው። ተራው የጀማል ነበር፣ ጀማል ግን አልመለሰም፣ በኋላ እንደነገረኝ ሰምቶ ጋቢውን ተከናንቦ የራሱ ማማ ወለል ላይ ተጋድሞ ነበር። "ጅርታ?" አለ እንደገና፣ አሁን ፍርሃት ቢጤ ገብቶበታል፣ መልስ ያጣ ሰው ፍርሃት። አፌን ልከፍት ስል፣ ምን ልል እንደነበር እኔ እንጃ፣ አዮ ነጠላ ጫማቸውን እያንሸራተቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣ አንድም ቀን ማማ ላይ ወጥተው የማያውቁ ሴት፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ "ጅራ!" አሉ።

አንዲት አጭር ሳል ተሰማች። አሳማዎቹ ዞረው አንዱ ካንዱ ኋላ ወደ ጫካው ወጡ፣ እንቁራሪቶቹም ጀመሩ። አዮ ምሰሶውን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው መታ መታ አደረጉትና "ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እንግባ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባ ዝናብ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ፣ ሰላምታውንም ሳይጨርሱ "ማታ የመለሰልኝ ማነው?" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁም አባ።"

"አንተ እንዳልሆንክማ አውቃለሁ። ድምፁን ስንት ዘመን ሰምቼው።" ምሰሶዎቹን አዩ፣ ኮፊያቸውን አወለቁ፣ "ኢና ሊላሂ" አሉ። "ቀጥሎ የመለሰችውስ?"

"አዮ ናቸው።"

"ሱብሃነላህ" አሉ፣ ኮፊያቸውን መልሰው አድርገው፣ "እንግዲህ ተራ ገብታለቻ። ምን ይደረጋል።"

የኔን ነገር ደግሞ ታውቃለህ፣ እንዲሁ አልተውኩትም። ከዳገቱ ማዶ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ አባ ዝናብ ከአባ ፊጣ ጋር አንድ ዓይነት ሳል አላቸው አልኩ፣ ጀማልን ቤቱ ድረስ ሄጄ አፋጠጥኩት፣ ቁርአን ይዞ ማለልኝ። ጆሮዬ ዋሽቶኝ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፣ የሦስታችን ጆሮ ባንድ ጊዜ ከዋሸን ግን ምን ይባላል? በመጨረሻ ለአዮ ምሰሶዎቹን ነቅዬ በብረት ልተካላቸው ብዬ ለመንኳቸው።

"እንዳትነካቸው" አሉኝ። "ማማው ሩቅ ነበር ሶዳ፣ ከቤት ሆኜ እንደ ልብ አልሰማውም ነበር። አንተ ነህ ወደ ቤት ያመጣህልኝ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ አሳማ በዚያ አጥር አልገባም፣ በታችኛው ጎን ከሽቦው ውጭ የኮቴ ዱካ ይታያል፣ ቆሞ የተመለሰ ዱካ፣ በቃ። የሙኒራ ወንድሞች ጥበበኛ አደረጉኝ፣ ከሰርቦ ሳይቀር ሰው መጥቶ "የአማትህን ዓይነት አጥር" እያለ አሠራኝ፣ ያንኑ ሽቦ፣ ያንኑ ውጥር፣ አሳማው የነሱን በሥሩ ቆፍሮ ገባ። ደንበኞቼ ሲያማርሩብኝ ምን ብዬ ላስረዳቸው? ጀማል ማማውን ወደ ወንዙ አራቀ፣ አባ ዝናብም ወደ ታች መጣራት ተዉ፣ ስለዚህ አሁን በዚያ ዳገት ሲመሽ የሚጠራው አንድ ብቻ ነው፣ ማንም ሳይጠራው። አዮ ቤታቸው ውስጥ ናቸው፣ ማድ ቤታቸው ተጠግኗል፣ ጎደሬያቸው አድጓል፣ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል፣ በዚህ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። ለአረፋ እኛ ጋ ዋሉ ብለን ብንለምናቸው ግን "ማን ይመልስለታል?" አሉ። ወደ ማታ በስልክ ስናወራም በመሃል "ቆዩኝማ" ይሉና ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው "ጅራ!" ሲሉ እንሰማለን፣ ከዚያ ተመልሰው የቡናውን ዋጋ ይጠይቁናል።

በዚህ ክረምት አዮን ደረታቸውን ብርድ መታቸውና ድምፃቸው ጠፋ። ሙኒራ በማግስቱ ልትሄድ ዕቃዋን አሰናድታ፣ ማታ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ታወራቸዋለች፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። አዛን ካለ ትንሽ ቆይቶ በስልኩ ውስጥ ሽቦው ቲንን ሲል ሰማሁት። ከዚያ ከሩቅ "ጅርታ?" አለ። አዮ ሊመልሱ ሞከሩ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። "ጅርታ?" አለ ደግሞ፣ ያ ፍርሃት ገብቶበት። አዮ ያቃስታሉ፣ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል፣ ሊነሱ ይታገላሉ፣ አይችሉም። ሦስተኛውን ሲጠራ ሙኒራ ቢላዋውን ጥላ ስልኩ ላይ ተደፋችና፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ "ጅራ! አባዬ፣ ጅራ!" ብላ ጮኸች።

ከወዲያ በኩል አጭር ሳል መጣ። አዮ በሹክሹክታ "አልሃምዱሊላህ፣ ሰምቶሻል" አሏት፣ እሷም ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን ይደብቃል።

አዮ ድነዋል፣ ድምፃቸውም ተመልሷል፣ እንደ በፊቱ ራሳቸው ይመልሳሉ። ሙኒራ ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ ሲመሽ የያዘችውን ሥራ ትታ ወደ ግቢ ትወጣለች፣ ፊቷን ወደ ሰርቦ አዙራ ትቆማለች፣ በቾ ቦሬ አሳማ የለ፣ ማሳ የለ፣ ባጃጅና የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው ያለው። ምን እንደምትሰማ ጠይቄያት አላውቅም፣ እንድትነግረኝ አልፈልግም። አዛኑ ሲያበቃ ግራይንደሩን የማጠፋው ግን እኔው ነኝ፣ ሥራ ቢኖረኝም ባይኖረኝም። ትናንት ማታ እንዳጠፋሁት ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ፣ ብዙ ቆየን፣ በረዳት መሰለኝ ጋቢዬን ደረብኩላትና እንግባ አልኳት።

"ቆይ" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። "ዛሬ ዘገየ።"